የቀማሹ ምላስ

አዲስ አበባ፤ መስከረም 10 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄሰ ገበዝ ገብረ ኪዳን፤

ክረምቱን እንዴት አለፉት? ርብ ሜዳውን ለቆ ወጣ ወይስ አሁንም በታንኳ ነው የምትሻገሩት? የእናቴስ ወገብ? እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። ለቡሄ እመጣለሁ ብዬ ቀርቻለሁ፤ ሥራ ያዘኝ ብል ሰበብ ይመስላል፤ ግን በማርያም፣ ሥራ ነው የያዘኝ። ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ለጥምቀት እመጣለሁ።

ሰው ቀምሶ ብቻ ደመወዝ ይበላል ወይ ላሉኝ፣ ይበላል አባቴ፤ እኔ ነኝ እሱ። ቡልጋሪያ ልኮ ያስተማረኝ መንግሥት አሁን የወይን ፋብሪካው ቀማሽ አድርጎኛል። የእኛን ወይን ከየአገሩ ከሚመጣው ጋር እያስተያየን የጎደለውን እንናገራለን። ወይኑ በብርጭቆ ይቀዳል፤ ከነጭ ወረቀት ፊት ተይዞ ቀለሙ ይታያል፤ ይሸተታል፤ ከዚያ አንድ ጉንጭ ተይዞ አፍ ውስጥ ይንከላወሳል። ከባዱ መቅመሱ አይደለም፤ ለጣዕሙ ስም ማውጣቱ ነው። አስተማሪዎቻችን አንዱን የዚህ ፍሬ ጣዕም አለው፣ ሌላውን የዚያ ፍሬ ይሉ ነበር። በዓይኔ አይቼው የማላውቀውን ፍሬ እንዴት በአፌ ላግኘው? ስለዚህ የማውቀውን የአገሬን የፎገራን ጣዕም መጥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ ኋላ ግን ደሳለው ምን አለ እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

የቡልጋሪያው ማቭሩድ ጥቁር ነው፤ አፍ ይይዛል። በወይራ በደንብ የታጠነ፣ ጌሾ ያልበዛበት የጠላ ጋን ብዬ ጻፍኩለት። የሀንጋሪዎቹ ቶካይ ፍሬው ሐረጉ ላይ እንዳለ ተጨማዶ ሻጋታ እስኪያወጣ ይጠበቃል፤ እኛ ብንሆን አውጥተን የምንጥለውን እነሱ ይጨምቁታል። የጣራ ገዳም ማር ላይ የሎሚ ልጣጭ የጨመሩበት ያህል ነው፤ ጣፍጦ ጣፍጦ ሊሰለች ሲል ኮምጠጥ ብሎ ያነቃል። የጆርጂያ ሰዎች ደግሞ ጋኑን እስከ አንገቱ መሬት ቀብረው ወይኑን ከነገለባው ያከርሙታል። ባልደረቦቼ መረረን አሉ። እኔ ግን ርብ ሲሸሽ የሚተወው ጥቁር መሬት የመጀመሪያ ፀሐይ ሲያገኘው የሚሸተውን አገኘሁበትና ዓይኔ እንባ አቀረረ። የግሪኮቹ የጥድ ሙጫ ይጨመርበታል፤ የአዲስ ጎጆ ማገር እንደ ማኘክ ነው፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከሁሉ የገረመኝ የቆጵሮስ ነው። ፍሬውን ፀሐይ ላይ ያሰጡትና ዘቢብ ወደ መሆን ሲደርስ ይጨምቁታል። አንድ ጉንጭ ስይዝ ዲያቆን ሳለሁ ቤተልሔም ገብቼ የቅዳሴውን ዘቢብ የማጥብበት ጠዋት ሁሉ ተመለሰብኝ፤ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «እጅህን ታጠብህ?» የሚሉኝ ሳይቀር።

ዋናው ወሬዬ ግን ይህ ነው፤ ይህንኑ ሁሉ በሬዲዮ ልናገር ነው። የሚተላለፈው እሑድ መስከረም 21፣ የብዙኃን ማርያም ለት፣ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ነው። መቼም ለበዓሏ አገሩ ሁሉ ደብራችን ይሰበሰባል። ይስሙኝ፤ ያሰሙልኝም።

ልጅዎ ደሳለው


ወረታ፤ ጥቅምት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለደሳለው፤

ሰላም ላንተ ይሁን። እናትህ ደኅና ናት። ላሞቹም ደኅና ናቸው። ርብ ተመልሷል፤ ውሃው በለቀቀው ላይ ጓያ እየተዘራ ነው። አምራች ማኅበሩ ደግሞ ሩዝ የሚሉትን እህል ሞክሩ ተብሎ እየሞከረ ነው፤ ገና እንዴት እንደሚበላ የሚያውቅ የለም።

ድምፅህን ሰምተናል። ጥርት ብሎ ይሰማል። ሬዲዮው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የአለኸኝ ነው፤ አዲስ ባትሪ ተገዝቶለት ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ የሚያነጋግርህ ሰው እየሳቀ፣ ወይኑን ትተፋዋለህ ሲልህ፣ አንተም አዎን ስትል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ለጨዋታ ነው? ካንተ መስማት ፈልጌ ነው።

ለጊዜው አልቀድስም። ጉልበቴን አሞኛል። የዕቃ ቤቱንም ቁልፍ አስረክቤአለሁ፤ ዕድሜ ነው። ለጥምቀት እመጣለሁ ያልኸው ይቅር፤ መንገዱ አይመችም።

አባትህ


አዲስ አበባ፤ ኅዳር 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባቴ፤ ጤናዎን፣ ከሁሉ ይልቅ ጉልበትዎን ይማርልኝ።

አዎን፣ እተፋዋለሁ። በአንድ ጠዋት የስንት አገር ወይን ይቀርብልናል፤ ብንውጠው ገና በሦስተኛው ብርጭቆ ዘፈን እንጀምራለን። ስለዚህ ከጎናችን ባልዲ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን እጅግ ከብዶኝ ነበር። ከቆረብን ምራቃችንን እንኳ ፀሐይ እስክትጠልቅ የማንተፋ ሰዎች ነን፤ የዚያ አገር ልጅ፣ የዚያውም ቄስ ልጅ፣ ወይን ባልዲ ውስጥ ሲተፋ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? አሁን ለምጄዋለሁ። ለመድኩት ስል ግን አፈርኩ።

ደብዳቤዎ የድምፄን ጥራት እንጂ ያልኩትን አያነሣም። ምናልባት አንዱ ነገር ደስ አላለዎትም። ጋዜጠኛው ከቀመሱት ሁሉ የሳሳው የየት አገር ነው ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ይስቃል፤ ከመስተዋቱ ወዲያ ያሉትም ይስቃሉ፤ እኔም ጨዋታው ሞቅ ብሎኝ «ባለፈው ፋሲካ በደብራችን የቆረብኩት ነው፤ ዘቢቡ ከሩቅ ሰላም ብሎት ያለፈ ውሃ» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈለግኩ። ግን ሁሉም ሳቀ፤ አለፈ። እውነቴን ነው፣ ያን ለት ስቆርብ ምላሴ ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። የሥራ ነገር ሆኖ አላርፍ ብሎኛል።

እንዳልተቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ደግሞ ጉልበትዎ መቼ ጀመረዎት? ቁልፉንስ ለምን ያስረክባሉ? ጉልበት የታመመ ሰው ቁልፍ መያዝ አያቅተውም። በጥር መንገድ አይመችም ያሉኝም አልገባኝም፤ በጥር እንኳን ሰው ጋሪም ያልፋል።

ልጅዎ ደሳለው


አዲስ አበባ፤ ታኅሣሥ 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

መልስ አልሰጡኝም፤ ለምን እንደሆነም አሁን አውቃለሁ። ጎረቤታችን ያየህ፣ የቆሰለ ወታደር ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ፣ አውቶቡስ ተራ አየሁት። አይቶኝ ፊቱን አዞረ። ተከትዬ እጁን ስይዘው «እኔን ተወኝ፤ አባትህ ሰው ፊት ከወጡ ቆዩ» አለኝ። ጠላ ቤት ይዤው ገብቼ ሁሉንም አስወጣሁት።

ሬዲዮውን ከአለኸኝ የለመኑት እርስዎ ኖረዋል። ባትሪውን የገዙት እርስዎ። ሕዝቡን ዋርካው ሥር አስቀምጠው፣ ልጄ ሊናገር ነው ብለው፣ ነጭ ነጠላዎን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ አለኝ። ስለ ጋኑም ስለ ማሩም ስናገር ዞር ዞር እያሉ የሰውን ፊት ያዩ ነበር አለኝ። ከዚያ ያን ተናገርኩ። ዋርካው ሥር ማንም አልሳቀም።

አለኸኝ ወዲያው ተነሥቶ፣ ሕዝብ ለዓመት ብሎ ያዋጣው ዘቢብ የት ገባ፣ ይታይ አለ። ዕቃ ቤት ሲከፈት ሊኖር ከሚገባው እኩሌታው አልተገኘም። የት ሄደ ሲባሉ ቁልፉን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ወደ ቤትዎ ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ የዘቢብ ሌባ ይባላሉ። ያየህም «ሌላም የባሰ ነገር አለ፣ እሱን ግን ካባትህ ስማ» ብሎኝ ተነሣ።

አባቴ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም። ጋዜጠኛው ድጋሚ እንድመጣ ጠይቆኛል። እሄድና ያልኩት ሐሰት ነው፣ ምላሴ ተሳስቷል እላለሁ። ምላሴ ተሳሳተ ያለ ቀማሽ ከዚያ በኋላ እንጀራ የለውም፤ ይሁን። እርስዎ ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ዘቢቡስ የት እንደሄደ ለእኔ ይንገሩኝ።

ደሳለው


ወረታ፤ ጥር 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ደሳለው፤

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እሰጥሃለሁ።

ምላስህ አልተሳሳተም። ጽዋው ሳስቶ ነበር፤ ያሳሳሁትም እኔ ነኝ። ካቻምና ክረምት ርብ ሲሞላ የታችኛው ሚካኤል ዕቃ ቤት ውሃ ገባው። ዘቢባቸው ሻገተ፤ ሰዎቹም እህላቸው ሁሉ ሄዶ ሌላ የሚያዋጡት አልነበራቸውም። ቄስ በላቸው እዚህ ድረስ መጥቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቅዳሴ ከተቋረጠ፣ ይህ ደብር ምን ይሠራል፣ ተዘግቶ ታቦቱ ወደ ሌላ ይሂድ ይባል ነበር፤ እንዲህ የሚል ሰው በዚህ ዘመን አይጠፋም። ስለዚህ ያለንን አካፈልሁት። ለሁለት ደብር የማይበቃውን በውሃ አበቃቃሁት። የበላቸውን ነገር ለሕዝብ አላወጣም ብዬ በመስቀሌ ምዬለታለሁ፤ ሕዝቤን ሳልጠይቅ ማድረጌም ጥፋቴ ነው። አንተም ይህን ካነበብህ በኋላ አትናገርም። በእኔ ስም ሬዲዮ ላይ እንዳትዋሽ። አንድ ጊዜ በእውነት አዋረድኸኝ፤ ሁለተኛ በሐሰት አትደግመኝ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ያንተን ያወጣው ሬዲዮ ነው። ያን ለት ስትቆርብ ጽዋው ሳሳ ብሎ ምላስህ ከነገረህ፣ ፋሲካን እኔ ቤት አራት ቀን ስትበላ ለምን ዝም አልኸኝ? አባቴ፣ ዘቢቡ ምን ሆነ ብትለኝ ኖሮ እነግርህ ነበር። ለአገር ሁሉ ነገርህ፤ ለእኔ ብቻ አልነገርኸኝም። እኔም ብሆን በከንቱ ውዳሴ ነው የተያዝሁ። ሰው ሰብስቤ ልጄን ስሙልኝ ያልሁ ሰውዬ፣ ልጄን አሰማሁ።

ያየህ የባሰ ያለው የሸዋነሽን ነው። ልጇ ደብሬ በነሐሴ በወባ አረፈ፤ ያኔ ጽፌልህ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የቆረበው አንተ የቆረብህ ለት ነው። ሬዲዮው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ዘቢቡን ሲፈልግ እሷ ቀስ ብላ ፊቴ መጥታ ቆመችና «አባ፣ አንቱ፣ ልጄ ውሃ ጠጥቶ ነው የሄደ?» አለችኝ። ጥቂትም ቢሆን ወይን ነው፣ ደሙ የሚያደርገውም መንፈስ ቅዱስ እንጂ ብዛቱ አይደለም አልኋት። ሌባ የተባለ ቄስ ምን ቢል ይሰማል? ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልደረሰችም።

ጉልበቴን አላመመኝም። ያን የጻፍሁት ስላፈርሁ ነው።

አባትህ


አዲስ አበባ፤ መጋቢት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባቴ፤

ሬዲዮ ቤት አልሄድኩም፤ ለማንም አልተናገርኩም። 

ከፋብሪካው እርሻ ወይን ለምኜ ቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ አሰጣሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሆኖብን፣ እኔ የዓለምን ወይን ባልዲ ስሞላ እርስዎ ዘቢብ ያብቃቃሉ። ሥራ ስወጣ አከራዬ ወይዘሮ ገላነሽ ወፎቹን ያባርሩልኛል። ደርቆ ዘቢብ ሆኗል፤ አልቀመስኩትም። በሁለት ከረጢት አድርጌ ልጁን ሊጠይቅ በተመለሰው በያየህ ልኬዋለሁ። አንዱ የማርያም ነው። ሁለተኛውን ማን ዘንድ መድረስ እንዳለበት እርስዎ ያውቃሉ፤ የላኪው ስም አይነገር።

ለሸዋነሽ ልጽፍ ተነሥቼ ነበር። እንደምን አለሽ ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ቃል ጠፋኝና ቀደድኩት። ለዳግማይ ትንሣኤ እመጣለሁ፤ ይከልክሉኝም እመጣለሁ።

ደሳለው


ወረታ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለልጄ ለደሳለው፤

ሰላም ላንተ ይሁን። በሰላም ገባህ ወይ? እናትህ ሳትሰናበታት መሄድህን አልወደደችም።

ቁልፉ እንዴት ተመለሰ ብለህ እናትህን እንደጠየቅሃት ነገረችኝ። እሷ ስታለቅስ አልነገረችህም፤ እኔ ልንገርህ። ያንተ ከረጢት ለሚካኤል በደረሰ ሰሞን ቄስ በላቸው ዝም ማለት አቃተው። በሆሣዕና ቅዳሴ ሲያበቃ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከሜዳው ወዲያ በእግሩ መጣና በሕዝቡ ፊት ተንበረከከ። ዘቢባችሁ እኔ ዘንድ ነው፤ ገበዛችሁ እኔን ሸሽጎ ነው የተሰደበ አለ። ሽማግሌ ነው፤ ድንጋዩም ትልቅ ነበር። አለኸኝ ራሱ ነው ያወረደለት። ሕዝቡ እየመጣ ጉልበቴን ሲስመኝ እኔ የማየው ያን ድንጋይ ነበር። የሱ አልነበረም ደሳለው። በከፊል የእኔ፣ በከፊል ያንተ ነበር።

በዳግማይ ትንሣኤ አየሁህ። ከዲያቆናቱ ጋር ያደግህ ልጅ በር ላይ፣ ከከብት ጠባቂዎቹ ጋር ቆመሃል። ሸዋነሽ ከሬዲዮው ወዲህ ያን ለት ገና መምጣቷ ነው፤ እሷም አልቆረበችም፤ እንዲያው ልትሳለም ነው የመጣች። ባጠገብህ ስታልፍ ፊትህን ወደ ግንቡ አዞርህ። እኔ ከውስጥ አየሁህ፤ እሷም አየችህ።

ማግስቱን ቤቴ መጥታ፣ በላቸው የተናገረው ዘቢቡ የት እንደሄደ ነው፣ እኔ የጠየቅሁት ጽዋው ውስጥ ምን እንደነበረ ነው አለችኝ። ደግሜ ነገርኋት። አዳምጣኝ ስታበቃ «አባ፣ አንቱ ካህን ነዎት፣ ወይን ነው ማለት ግድዎ ነው። ውሃ ያለኝ አፍ እሱ ነው፤ የሚመልስልኝም እሱ ይሁን» ብላ ሄደች።

እኔ ከዚህ በላይ የማደርገው የለም። ፊትህን ለምን እንዳዞርህ ግን ንገረኝ። ደግሞ ለምን አልቆረብህም? ንስሐ አባትህ ፈቅዶልህ እንደነበር አውቃለሁ።

አባትህ


አዲስ አበባ፤ ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄሰ ገበዝ ገብረ ኪዳን፤

እናቴን ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ጎህ ሲቀድ የወጣሁት መንገድ ላይ ሰው እንዳያገኘኝ ነው።

ያልቆረብኩት ምላሴን ፈርቼው ነው። ስትቆርብ ዝም በል ብለው ሊያዙት ይችላሉ አባቴ? እኔ አልችልም። መቅደሱ ደጃፍ ስደርስ ደግሞ ሊመዝን ነው፣ ሳሳ ወይ ወፈረ ሊለኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ ተመለስኩ። በእንጀራዬ የሳልኩት ምላስ በአምላኬ ፊት አሳፈረኝ። ፊቴን ያዞርኩትም ሸዋነሽ ብትጠይቀኝ የምመልስላት የለኝም ብዬ ነበር። የሰው ዓይን ማየት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ግን የምመልስላት እንዳለኝ ገባኝ። ይህን ያንብቡላት ልል ብዕሬን አነሣሁና ተውኩት። ያን ጊዜ በሬዲዮ ሰማች፤ አሁን ደግሞ በወረቀት አይሁን። ለፍልሰታ እመጣለሁ። ርብ ሞልቶ ከሆነ በታንኳ እሻገራለሁ። መጀመሪያ ከቄስ በላቸው እግር ላይ እወድቃለሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደሷ ቤት ነው የምሄደው። እርስዎም አብረውኝ ይምጡ፤ ብቻዬን ደጇን ማለፍ አልችልም።

የምላትን ጽፌልዎታለሁ፤ የከፋ ቃል ካለበት እስክመጣ ያርሙልኝ። ደሙ ስለ መሆኑ እርስዎ ነግረዋታል፤ ያ የእርስዎ ነው። እኔ የምመሰክረው አፌ ስላወቀው ነገር ብቻ ነው። እንዲህ እላታለሁ።

«እኅቴ ሸዋነሽ፣ ያን ፋሲካ ልጅሽ ደብሬ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ልጆቹ ቀድመው ቆረቡ፤ ከዚያ እኔ። ጽዋው አንድ ነው። ሳስቶ ነበር፤ ይህን አልክድሽም። ውሃ ግን አልነበረም፤ ወይን ነበር። እኔ የቀለድኩበት ወይን ነበር። ከስንት አገር ስንት ዓይነት አፌ ገብቷል፣ ሁሉንም ተፍቼዋለሁ። ያልተፋሁት ልጅሽ የጠጣውን ብቻ ነው።»

ልጅዎ ደሳለው